ለእታለም የመጣው ሜዳሊያ

«ያንን በር ዝጉት! ይሄ ሰውዬ እዚህ ግቢ እግሩ አይረግጥም!»

የሟቿ ወንድም ከወንበሩ ሲፈናጠር እጁ ላይ የነበረው ሻይ ተደፋ። በኪራይ ወንበሮች ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡት ለቅሶ ደራሾች ሁሉ አንገታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። በሩ ላይ ጸጉራቸው የነጣ አንዲት እናትና ሠላሳ አራት ዓመት የሞላው ግዙፍ ልጃቸው ቆመዋል። ልጅየው ሰው ባየ ቁጥር እንደሚያደርገው እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጠ። ሻምበል የሚሉትም በዚሁ ምክንያት ነው እንጂ የጦር ሰፈር ደጃፍ አይቶ አያውቅም። ዛሬ ግን ሰላምታውን የመለሰለት አልነበረም።

«ልጄ እንደ ሰው ለቅሶ ሊደርስ ነው የመጣው» አሉ እናትየው።

«ለቅሶውን ያመጣብን ማን ሆነና ነው?» አለ ወንድምየው። «እህቴን በልቶ ደግሞ ሊያጽናናን መጣ?»

ሁሉም ወደ ባልየው ተመለከተ። ባልየው አናጢ ነው፤ ሚስቱን ከቀበረ ሦስተኛ ቀኑ። ከቤቱ ግድግዳ ሥር ተቀምጦ አውራ ጣቱ ላይ የደረቀ ሙጫ ይልጣል።

«ጋሼ፣ አንተ ተናገር እንጂ!» አለው የሚስቱ ወንድም።

አናጢው ቀና ሳይል፣ «ዛሬ ይሂዱ» አለ። «ሌላ ቀን ይመጣሉ።»

ሻምበል እጁን ከግንባሩ አወረደ። «ጋሼ፣ እኔ አልሮጥኩም» አለ። ቃላቱን እንደ ከባድ ዕቃ አንድ በአንድ ነው የሚያነሳቸው። «እታለም ናት…»

እናትየው ክንዱን ይዘው ጎተቱት። በሩ ተዘጋ።

ሹክሹክታው ወዲያው ቀጠለ።

«መኪና መንገድ ላይ ዘሎ ገብቶ ነው አሉ።»

«እሷማ ገፍትራ አወጣችው፤ ራሷ ቀረች።»

«ስንት ዓመት ለፍታበት! ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ አለ ሰውዬው።»

አናጢው ሁሉንም ይሰማል። ከሸሚዙ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ እንደ ፍም ደረቱን ያቃጥለዋል።

ሚስቱ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበረች። የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት አንድ ቅዳሜ፣ የታጠበ ፎጣ ልታደርስ ወደ ከተማው መዋኛ ገንዳ ሄደች። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ወጣቶች ዋና እየተማሩ ነበር። ሰባቱ ውሃ ውስጥ ናቸው። ስምንተኛው ከገንዳው ርቆ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይንቀጠቀጣል። አስተማሪው አንድ ብቻ ስለነበር ወደዚያ ዞር የሚልበት ፋታ አልነበረውም። እሷ የፎጣውን ክምር አስቀመጠችና ከልጁ ጎን ቁጭ አለች። ምንም አላለችውም። በሳምንቱም ተመልሳ ቁጭ አለች።

ስምንት ወር ፈጀባቸው። ማታ ገብታ፣ «ዛሬ አንድ ሴራሚክ ተጠጋን» ትለው ነበር አናጢውን። በወለሉ ንጣፍ ነው የምትለካው። አንዳንድ ሳምንት፣ «ዛሬ ሁለት ሴራሚክ ወደ ኋላ ሄድን» ትልና ራሷ ትስቃለች። በመጨረሻ እግራቸውን ውሃው ውስጥ የነከሩ ቀን ሻምበል ገንዳውን አይቶ እሷን አየና፣ «አንቺ ቅደሚ» አላት። ጉዱ ያኔ ወጣ፤ እሷም ዋና አታውቅም!

በሠላሳ ሦስት ዓመቷ ዋና ልትማር ስትነሳ አናጢው፣ «በዚህ ዕድሜሽ እንቁራሪት ልትሆኚ ነው?» ብሎ ሳቀባት። ተማረች። ከዚያ አስተማረች። ዋናተኞቹም እታለም አሏትና ስሟ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ቅዳሜ ከአናጢው እጅ ወጡ።

«ምን ይከፍሉሻል?» አላት አንድ ቀን ተማርሮ።

«በጎ ፈቃደኛ ነኝ፣ ምን ይከፍሉኛል?»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ ሻምበል ዛሬ ፊቱን ውሃ ውስጥ ነከረ።»

እሱ ይሄን መልስ ነው ብሎ አልተቀበለውም። እሷ ግን ሌላ መልስ አልነበራትም።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት የዋናተኞቹ ማኅበር ጸሐፊ ደብዳቤ ይዛ መጣች። ወጣት ናት፤ የወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠችው።

«ከማለፏ በፊት ነው የተመረጠችው» አለች። «የዓመቱ ምርጥ በጎ ፈቃደኞች ነገ ይሸለማሉ። ከእነሱ አንዷ እሷ ናት። እርስዎ መጥተው ቢቀበሉላት…»

ወንድምየው ደብዳቤውን ቀድሞ ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበው። «ሕይወቷን ለተማሪዋ አሳልፋ የሰጠች» የሚለው ጋ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ። ከሞተች ወዲህ ሲያለቅስ የታየው ያኔ ነው።

«ሜዳሊያውን የሚያጠልቀው ዋናተኞቹ ራሳቸው የመረጡት ሰው ነው» ብላ ቀጠለች ጸሐፊዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዘንድሮ ሻምበልን መርጠው ነበር። ግን ከአደጋው በኋላ ወላጆች ተቃወሙ። ከገንዳውም ለጊዜው አግደነዋል። ሊቀመንበሩ ያጠልቁልዎታል።»

«ከገንዳው?» አለ አናጢው። በአራት ቀን ውስጥ ጠይቆ የሚያውቀው ይህንን ብቻ ነው።

«ምን እናድርግ፣ ሰው ፈራው።»

«ደግ አደረጋችሁ!» አለ ወንድምየው እንባውን እየጠረገ።

አናጢው ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ። አልጋው ሥር ከሆስፒታል የተሰጠው የላስቲክ ከረጢት አለ፤ ውስጡ የለበሰችው ሹራብ ነው። እስካሁን አልከፈተውም ነበር። አወጣና ዘረጋው። ቀኝ እጅጌው ከትከሻው ስፌት ወደ ኋላ ተገንጥሏል። አናጢ እንጨት ሲሰነጠቅ ከየት በኩል እንደተሳበ ያውቃል፤ ይሄኛውም አልጠፋውም። አንድ ብርቱ እጅ ወደ ኋላ ጎትቷታል።

ያለሹራቡም ያውቅ ነበር። አደጋው በደረሰበት ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሥራ የሚሰጠው ሰውዬ ከነሚስቱ እራት ተጋብዞ ሳሎን ተቀምጦ ነበር። አናጢው ወደ ደጅ ወጥቶ ደወለ።

«የት ነሽ? እንግዶቹ እኮ ተቀምጠዋል!»

«መጣሁ፣ አስፋልቱ ጋ ደርሻለሁ።»

«ሁሌም መጣሁ ነው! ለነዚያ ልጆችሽ ጊዜ አለሽ፤ ለእኔ ሲሆን የለሽም! አንድ ቀን እንኳን…»

«ኧረ አትቆጣ፣ ይኸው…»

ከኋላዋ የሻምበል ድምፅ መጣ። ያን ያህል ጮክ ብሎ ሲናገር ሰምቶት አያውቅም። «እታለም፣ መብራቱ ቀይ ነው! ቁሚ! ቁሚ!»

ከዚያ የተሰማውን አናጢው ለራሱም ደግሞ አይነግርም።

ሆስፒታል ሲደርስ ወሬው ተሰናድቶ ጠበቀው። ልጁ ሮጠ፣ እሷ አዳነችው። መጀመሪያ ማን እንዳለው አይታወቅም። «አይደለም» ማለት የሚችል ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አፉ አልታዘዝ አለው። በሁለተኛው ቀን ነገሩ ከበደው። በሦስተኛው እንደ ሙጫ ደረቀ። ሻምበልንማ የጠየቀው ሰው የለም፤ ቢናገርም የሚጨርስበትን ጊዜ የሚሰጠው አልነበረም። ከእሷ በቀር።

በማግስቱ የሽልማቱ አዳራሽ ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል፤ ከገንዳው የሚለየው የመስታወት ግድግዳ ብቻ ነው። ስድሳ ያህል ሰው ተቀምጧል። የፊተኛውን ረድፍ ዋናተኞቹ በአንድ ዓይነት ሰማያዊ ቱታ ይዘውታል፤ ከመካከላቸው አንድ ወንበር ባዶ ነው። አናጢው በመስኮቱ ሲመለከት ሻምበልና እናቱ ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል። ሻምበልም ሰማያዊ ቱታውን ለብሷል።

ሌሎቹ ተሸላሚዎች አንድ በአንድ ተጠሩ። የኳስ አሠልጣኙ፣ ነርሷ፣ ልጆቹን በነፃ የሚያመላልሰው ሹፌር። ከዚያ መድረክ መሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሕይወቷን ለተማሪዋ አሳልፋ የሰጠች…» ሲል ሰው ሁሉ ተነሳ። ወንድምየው አናጢውን ጀርባውን መታ መታ አደረገው። «ሂድ ጋሼ፣ አይዞህ።»

ሊቀመንበሩ ሜዳሊያውን ዘርግተው ጠበቁት። አናጢው ግን አንገቱን ዝቅ አላደረገም።

«ይቅርታ» አለ። «ይሄ የተነበበው ልክ አይደለም።»

ሊቀመንበሩ ሜዳሊያውን እንደዘረጉ ቀሩ።

«ሻምበል አልሮጠም። ቀይ ነው፣ ቁሚ እያለ ሲጮህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስልክ ላይ ነበርኩ። አረፈድሽ ብዬ እየጮህኩባት ነበር።» ወደ ባዶው ወንበር ተመለከተ። «ወደ እኔ ስትቸኩል ነው የሞተችው። ሊያድናት የጎተታት እሱ ነው። እጅጌዋን አይቼዋለሁ። ይኸው አምስት ቀን ሲወቀስ ዝም አልኩ።»

መድረክ መሪው ወደ ሊቀመንበሩ፣ ሊቀመንበሩ ወደ ወረቀቱ ተመለከቱ።

«ሽልማቱ ላይ መሞቷን አትጨምሩበት» አለ አናጢው። «አሥራ ስድስት ዓመቱ ይበቃታል።»

ወንድምየው እንደቆመ ቀርቷል። «እኔ እኮ… አምስት ቀን ሙሉ ያንን ሰው ስሰድብ ቁጭ ብለህ ሰማኸኝ?»

«ሰማሁህ።»

«እናቱን ከበር ስመልስ?»

ወንድምየው ወንበሩን በእግሩ ገፍቶ ወጣ። በመስኮቱ በኩል፣ አጥሩን አልፎ ሻምበል ፊት ሲቆም ታየ። ሻምበል ሰላምታውን ሰጠው። ወንድምየው እጁን እስከ ደረቱ አነሳ፤ ከዚያ ፊቱን ሸፍኖ በፍጥነት ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ ከአናጢው ጋር ለወራት አልተነጋገሩም።

አናጢው ሜዳሊያውን ከሊቀመንበሩ እጅ ተቀብሎ ወደ ውጭ ወጣ። ጸሐፊዋ ቁልፍ ይዛ ሮጣ ደረሰችበትና የአጥሩን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። እናትየው አናጢውን ሲያዩ አንድም ክፉ ቃል አልወጣቸውም።

«ይቅር በሉኝ እናቴ» አላቸው።

«እሱን ጠይቀው» አሉ ወደ ልጃቸው እያዩ።

ሻምበል ግን የራሱ ጥያቄ ነበረው። «ስልክ ላይ ተቆጥተህ ነበር?»

«አዎ።»

«ነግራኛለች። “ተቆጥቷል፣ ቶሎ ልሂድለት” አለች።» ትንሽ አሰበ። «እየሳቀች ነው ያለችው።»

አናጢው አጥሩን ያዘ። አምስት ቀን ሙሉ ያልመጣው እንባ አሁን መጣ፤ ድምፅ አውጥቶ፣ ትከሻውን እየናጠ አለቀሰ። ሻምበል አላባበለውም። ዝም ብሎ ቆሞ ጠበቀው፤ መጠበቅ ያውቅበታል።

ሲበቃው አናጢው ሜዳሊያውን ሰጠውና አንገቱን ዝቅ አደረገ። ሻምበል ሪባኑን ዘረጋ፣ ከዚያ እጁን መለሰ። የአናጢው ኮት አንዱ ጎን ወደ ላይ ተንጋዶ ነበር፤ አንዱን ቁልፍ ዘልሎ፣ ሁሉንም በማይገባቸው ቀዳዳ ከትቷቸዋል። ስንት ቀን እንዲህ እንደዋለ ማንም አልነገረውም።

ሻምበል ሜዳሊያውን ለእናቱ አስያዘ። በወፋፍራም ጣቶቹ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታቸው። ከዚያ ኮቱን ግራና ቀኝ አስተካክሎ ከታችኛው ጀምሮ መቆለፍ ያዘ። አናጢው እጆቹን ወደ ጎን ጥሎ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ የመጨረሻው እስኪቆለፍለት ድረስ ቆመለት።