ሳይበስል የወጣው ድንጋይ

«ቁም! አትድፋው!»

ቀልጣፋው ብልቃጡን ወደ ቆሻሻ መጣያው እንዳዘነበለ ቀረ።

«ትናንት ከዓይኔ አጥፋልኝ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«ብያለሁ። ዛሬ ደግሞ ስጠኝ እያልኩህ ነው።»

«ወይ ጣጣ!» አለና ብልቃጡን በሁለት እጁ አቅፎ አመጣላት።

ቀልጣፋው የሥራ ባልደረባዋ ነው። ስሙ የወጣለት በሥራው ሳይሆን በችኮላው ነው። ትናንት የእሷን ድስት የራሱ መስሎት ከምድጃው አወጣውና ክሪስታሉ ሳያድግ ደቆ ቀረ። አፏ እንዳመጣላት ሰደበችውና ደቃቁን በብልቃጥ ሰጥታ ድፋው አለችው።

እሷን ደግሞ ሁሉም ድንጋይ ቀቃይዋ ይላታል። «ልጄ ተምራ ተምራ ድንጋይ ትቀቅላለች» እያሉ ስሙን ያወጡላት አባቷ ናቸው። አልዋሹም። ዜኦላይት የሚባለውን ነጭ ድንጋይ በታሸገ የብረት ድስት ስታበስል ትውላለች። ድንጋዩ ድፍን ይመስላል እንጂ ውስጡ በዓይን የማይታዩ ክፍሎችና በሮች የሞሉበት ነው። አየር ሲነፋበት ናይትሮጅኑ በየክፍሉ ይያዛል፤ ኦክስጅኑ ያልፋል። አባቷ ቤት ውስጥ በቱቦ የሚተነፍሱት ይህንኑ ነው።

ማሽናቸው ግን የቁም ሳጥን ታናሽ ወንድም ነው። ሳንባቸው ከደከመ ወዲህ ከቱቦው ርዝመት አልፈው አያውቁም። ታች ግቢው ውስጥ ደግሞ ዳማ አለ። እሳቸው አውቶብስ ላይ ትኬት ሲቆርጡ መሪ ይዞ የኖረው ሾፌር በየቀኑ ቀና ብሎ «አንተ ፈሪ! ውረድ እንጂ!» ይላቸዋል። እሳቸው ይስቃሉ። የልጃቸውን አንጀት ግን ይበላዋል። ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ማሽን ሠርታ ልታወርዳቸው ነው ይህ ሁሉ ልፋት።

ተስፋዋን የጣለችው ትልልቅ ክሪስታሎች ላይ ነበር። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ውበታቸው ጉድ ያሰኛል! ፎቷቸውን አስፍታ፣ በፍሬም አድርጋ ሰቅላዋለች። ትንሽ ማሽን ግን የሚበቃ ኦክስጅን እንዲሰጥ ቶሎ ቶሎ መሥራት አለበት፤ ዛሬ ጠዋት የሙከራ ማሽኗን አፍጥና ስትሞክራቸው አሳፈሯት። የወጣው አየር ከመንገድ አየር ብዙም አይሻልም። ናይትሮጅኑ ከበር በር እየተጋፋ መሃል ሳይደርስ ጊዜው ያልቃል። መሃሉ በከንቱ የሚሸከሙት ድንጋይ ነው። ይሄኔ ነው ያ የደቀቀው ትዝ ብሏት ቀልጣፋው ጋ የሮጠችው።

ደቃቁን ሞልታ ማሽኑን አስነሳች። የኦክስጅን መለኪያው ወጣ፣ አሁንም ወጣ፣ እዚያው ላይ ቆመ። ደስታዋን መያዝ አቅቷት ቀልጣፋውን አቀፈችው።

«እኔማ ሆን ብዬ ነው ቶሎ ያወጣሁት» አለ።

«ውሸታም! ምሳ ሰዓት ደርሶብህ ነው።»

ስትወጣ ፎቶውን ከግድግዳው አንስታ በብብቷ ያዘች።

አባቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል።

«እህ፣ ድንጋዩ በሰለ?»

«ጥፋቴ አብዝቼ ማብሰሌ ነው አባባ። ረጅሙ አውቶብስ ትዝ ይልዎታል?»

«እንዴት ይረሳኛል! አንድ በር ብቻ። መሃል ያለው ሰው ተጋፍቶ በሩ ጋ ሳይደርስ ያ ቀዥቃዣ ይነዳል።»

«የኔም ድንጋይ እንደዚያው ነው። ትልቅ ሲሆን መሃሉ አይደረስበትም።»

«ታዲያ ሚኒባስ መሥራት ነዋ!»

«ቀልጣፋው ሠርቶታል፤ ያውም ተሳስቶ።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። ሲረጋጉ ቱቦውን አስተካክለው «እና መቼ ነው የምወርደው?» አሉ።

«አልዋሽዎትም፤ ገና ወራት ይፈጃል።»

ከታች «ፈሪ!» የሚለው ድምፅ መጣ። የዛሬው ከሌላው ቀን ይልቅ አመማት። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው፤ ጀርባው ለስላሳ ካርቶን ነው። ማስመሪያና ማርከር አምጥታ እንደ ዳማ ገበታ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ማስመር ጀመረች።

«ኧረ ተይ፣ ወርጄ ነው የማሸንፈው ብዬ ምያለሁ።»

«ማሽኑ ሲደርስ ወርደው ይደግሙታል።»

አባቷ መስመሩን በዓይናቸው ተከተሉት። ግማሹ ሲያልቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቆርኪዎቹ መሳቢያው ውስጥ ናቸው» አሉ።

ማርከሯን እንደያዘች በመስኮቱ ብቅ አለች።

«ጋሼ! ፈሪ ካልሆኑ ዛሬ እርስዎ ይውጡ!»