የማሳያው ሽምግልና

ከኔዘርላንድ የመጡት የንግድ ተማሪዎች ነቀምቴ የሚቆዩት ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት ዲጋ ድረስ ወርደው ቡና ሲታጠብ ያያሉ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ «ባህል» ይቀርብላቸዋል። የምታስተረጉምላቸው ፌኔት ናት።

የመጨረሻው ዝግጅት በሆቴሉ አዳራሽ የሚታይ የሽምግልና ትርኢት ነበር። ሙሽራ ትሆናለች የተባለችው ልጅ ስትቀር አስተባባሪው ዋጋሪ ወደ ፌኔት ዞረ።

«አንቺ ልበሺ። አንገትሽን ደፍተሽ መቀመጥ ብቻ ነው።»

ለብሳ ስትወጣ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች መሃል ኦቦ ጉሉማን አየች። የልጃቸው የጂሩ እጮኛ ነበረች። ወንድማቸው ጊዳ አያና ወረዳ ውስጥ ከጎጃም መጡ በተባሉ ታጣቂዎች ሲገደል ግን ሰውዬው የፌኔት እናት የጎጃም ሰው መሆኗ ትዝ አላቸውና፣ «የእነዚያ ደም ቤቴ አይገባም» ብለው ሰርጉን አፈረሱት።

እሳቸውም ሲያይዋት ደነገጡ። ተማሪዎቹ ስልካቸውን ደቅነው ይቀርጻሉ። ጉሮሯቸውን ጠርገው በኦሮምኛ ጀመሩ።

«ልጃችሁን ለልጃችን ልንጠይቅ መጥተናል።»

«ለየትኛው ልጅዎ?» አለች ፌኔት።

ዋጋሪ ክንዷን ቆነጠጣት።

«ለጂሩ ከሆነ ቀለበቱን ያስመለሱት እርስዎ ነዎት።»

«ተይ አንቺ ልጅ! እንግዳ ፊት ነን» አሉ ጉሉማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ወንድሜን የቀበርኩት እኔ ነኝ።»

«የገደለችው እናቴ ናት?»

ተማሪዎቹ ትርኢቱ የደመቀ መስሏቸው አጨበጨቡ። አንዷ «ምን አለች?» ብላ ስትጠይቅ ዋጋሪ ፈጠን ብሎ በእንግሊዝኛ፣ «በባህላችን ሙሽራ መጀመሪያ እምቢ ትላለች» አላት።

«ውሸት ነው» አለች ፌኔት። ከዚያ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

ጭብጨባው ቆመ። ጉሉማ እንግሊዝኛ ባይሰሙም ፊት ሁሉ ወደ እሳቸው ሲዞር ገባቸው። ከዘራቸውን አነሡ።

«እንኳንም ልጄ አላገባሽ!» ብለዋት ወጡ።

ዋጋሪ በሩ ላይ ጠበቃት። «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ። ሌላ ቡድን ሲመጣም ዓይንሽን እንዳላየው።»

ቤት ስትደርስ ወሬው ቀድሟታል። እናቷ ሸዋጌጥ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር።

«እኔን ነው የፈረንጅ መነጋገሪያ ያደረግሽኝ?»

«እማዬ፣ ስለ አንቺ ብዬ እኮ...»

«ማን ላከሽ? እነሱ በአውሮፕላናቸው ይሄዳሉ። እኔ ነገ ጉሊት የምቀመጠው ከሰውዬው ሚስት ጎን ነው!»

በማግስቱ ፌኔት ሽንኩርቱን ተሸክማ እናቷን ተከተለቻት። የጉሉማ ሚስት ድርቤ ጆንያዋን እስከ ሸዋጌጥ ቦታ ድረስ ዘርግታለች።

«ድርቤ፣ ቦታዬን ልቀቂልኝ» አለች ሸዋጌጥ።

ድርቤ ቀና ብላ እንኳን አላየቻትም። «ፈረንጆቹ ቦታ ይስጡሽ» አለች፣ ጎመኗን እያስተካከለች።