የጥሩሸዋ ተራ

ጥሩሸዋ የበግ ሌባ ነበረች፤ ይህን እሷም አትክድም። ከሟች ባሏ ወንድም ከወዳጆና ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የወይዘሮ አየለችን በጎች ስትነዳ ተይዛ አብራ ታስራ ነበር። የሷ ሥራ ውሻ ዝም ማሰኘት ነበር፤ የአገሯ የሞላሌ ውሻ ሁሉ ይወዳታል።

ሲፈቱ ግን ነገሩ ለየቅል ሆነ። ወንዶቹን ዘመድ በእልልታ ተቀበላቸው፤ ጠላ ተጠመቀ፤ "ወንድ ልጅ ምን የማያየው አለ!" ተባለ። ወዳጆ ወር ሳይሞላው የሚካኤል ማኅበሩን ጽዋ ተረከበ። ጥሩሸዋን ደስ ብሎት የተቀበላት ውሻ ብቻ ነው። ጎረቤት እሷን ሲያይ ያሰጣውን ገብስ ያስገባል። የማርያም ማኅበር ሴቶችም ተራዋ በደረሰ ቁጥር ጽዋውን ከጎኗ ለተቀመጠችው ያቀብሉታል። ጽዋ ያልገባበት ቤት ደግሞ ማንም አይረግጠውም። ይህ አንጀቷን ያቃጥላታል።

አንድ ቀን ወዳጆ በጠራራ ፀሐይ መጣ።

"ዓርብ እንወጣለን። ያላንቺ የአየለች ውሻ አያሳልፈንም።"

"አልሄድም።"

"ፈራሽ እንዴ?"

"አዎ፣ ፈራሁ። አንተስ?"

ወዳጆ ሳቀ። እሱም ፈርቷል፤ ግን ጓደኞቹ ደጅ ቆመው ይሰማሉ። ሦስት ወንድ በተሰበሰበበት "ፈራሁ" የሚል ማን ወንድ አለ? ጥሩሸዋ አዘነችለትና በሩን ዘጋች።

ቅዳሜ ጠዋት አገሬው ዱላውን ይዞ ደጇን ሞላው። ከፊት ወይዘሮ አየለች ነበሩ።

"በጌን አምጪ!"

"ግቡና ፈትሹ" አለች።

ቤቷን እያተራመሱ ሳለ ከመንደሩ በታች ካለው ገደል ሥር ጩኸት ተሰማ፦ ወዳጆና ጓደኞቹ ከነበጉ ተያዙ! ሰው ሁሉ ይቅርታም ሳይል ወደዚያ ሮጠ። ወይዘሮ አየለች ብቻ ወደኋላ ቀርተው፣ ሰው የረገጠባትን፣ ጥሩሸዋ የምትፈትለውን የበግ ጠጉር ለቃቅመው ሰጧትና አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

የማርያም ለት ጸሎቱ አልቆ ጽዋው ተነሣ።

"ተራው የጥሩሸዋ ነው" አሉ ወይዘሮ አየለች።

የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴዋ ወይዘሮ እየሩስ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ... ታስራ የወጣች ናት። ዋስ ትጥራ።"

"ለወዳጆ ማን ዋስ ጠራ?" አሉ ወይዘሮ አየለች።

"እሱማ ወንድ ነው።"

"አዎ፣ ወንድ ነው። ይኸው በጌን ደገመኝ! ዋሷ እኔ ነኝ፤ በሉ ስጧት።"

ጥሩሸዋ ጽዋውን ስትቀበል ዕንባዋ ወረደ። ጽዋ ደግሞ ብቻውን አይሄድም። ሴቶቹ፣ የወደደችም የጠላችም፣ ነጠላቸውን አጣፍተው እየዘመሩ እስከ ጥሩሸዋ ቤት ድረስ ሸኙት፤ ገብተውም ተቀመጡ።