የተሰበረው ካንዴላና የቲዮ ኡርባኖ በረዶ

ኔልፋ ቁልፉን ስትስብ ካንዴላው ቀጭ አለና ነጩ ሸክላ ከነራሱ እጇ ላይ መጣ። ጥርስ ያለው የታችኛው ብረት ግን ሞተሩ ውስጥ እንደተነከሰ ቀረ። እጇ ላይ ያለውን አየች፣ ቀዳዳውን አየች፣ ከዚያ ደግሞ እጇን አየች።

"ጨረስሽ እንዴ ኢንዳይ?" አለች ናንግ ሲዮኒ ከደጃፉ፤ ለሷ ወጣት ሴት ሁሉ ኢንዳይ ናት። ኔልፋ የምትጠግናት ትንሿ የጭነት መኪና የሷ ናት። ላይዋ የሩዝ ገለባ የለበሰ በረዶ ተጭኗል፤ ጫፍ ጫፉ ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል። ሦስት ሰዓት ላይ ጀልባዎቹ ኩላሲ የባሕር ዳርቻ ይደርሳሉ፤ በረዶው ካልደረሰላቸው ዓሣው ፀሐይ ላይ ይቀራል።

"ገና ነው ናንግ። ትንሽ ነገር ተሰበረች።"

"ትንሽ ነገር ከሆነች ፊትሽ ለምን እንዲህ ሆነ?"

ኔልፋ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ያደገችው እዚህ ጋራዥ ውስጥ፣ በአጎቷ በቲዮ ኡርባኖ እጅ ነው። ሞተር ፈትታ ትገጥማለች፣ ፍሬን ትሠራለች፣ በድምፁ ብቻ የቱ ሲሊንደር እንደታመመ ትናገራለች። ካንዴላ ሲሰበር ግን ቲዮ ሁልጊዜ "ይሄን ለኔ ተይው" ብለው ያጎነብሱ ነበር። ያየችው ጀርባቸውን ብቻ ነው።

አሁን ቲዮ ማጎንበስ አይችሉም። ከአራት ወር በፊት ቀኝ ጎናቸውን ስትሮክ መታቸው፤ ቃላታቸውንም እንደ ተገለበጠ የብሎን ሣጥን አደባለቀባቸው። ነገሩን ያውቁታል፣ ስሙ ግን የሌላ ነገር ስም ሆኖ ይወጣል። መዶሻ "ዶሮ" ነው። ዘይት "ወተት" ነው። ኔልፋ ይህን ሁለት ወር ሙሉ እየተሳሳተች ነው የለመደችው። ሌላው ሁሉ ገና ግራ እንዳጋባት ነው።

የተሰበረውን ወስዳ የቀርከሃ ወንበራቸው አጠገብ ተንበረከከች። "ቲዮ፣ ታችኛው ውስጥ ቀረብኝ። ምን ላድርግ?"

ሽማግሌው ሸክላውን በግራ እጃቸው ተቀብለው አገላበጡት። ግማሽ አፋቸው ፈገግ አለ። "ወተት" አሉ።

ሄዳ ዘይት ጠብ ጠብ አደረገችበትና ተመለሰች። "እሺ። ከዚያስ?"

"በረዶ።"

ኔልፋ ባለፈው ሳምንት፣ ከባድ ዝናብ በጣለበት ቀን፣ ቲዮ "በረዶ፣ በረዶ" እያሉ ሲጣሩ ቀዝቃዛ ውኃ አመጣች፣ ቬንትሌተር አበራች፤ በመጨረሻ የፈለጉት ብርድ ልብስ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ በረዶ ሙቀት ነው። መበየጃውን አምጥታ እሳቱን ልትለኩስ ስትል ቲዮ የወንበሩን ክንድ ደጋግመው መቱት። እሳት አይደለም። በማንቆርቆሪያ የፈላ ውኃ አመጣች። ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ፣ ወደ ሞተሩ ጠቆሙ። እፎይ ብላ ጨርቅ እየነከረች የካንዴላውን ዙሪያ ሸፈነችው።

"አሞቅኩት ቲዮ።"

"በረዶ።"

"አደረግኩት እኮ።"

"በረዶ" አሉ እንደገና፣ ቀስ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚነግሩ።

"በረዶ ከፈለጉ እኔ መኪና ሙሉ አለኝ" አለች ናንግ ሲዮኒ። "ምነው እኔን የሚጠይቀኝ ጠፋ?"

"ናንግ፣ እሳቸው በረዶ ሲሉ በረዶ ማለታቸው አይደለም።"

"ታዲያ ምን ማለታቸው ነው?"

"እሱን ባውቅ እዚህ እቆማለሁ?"

ናንግ ሲዮኒ ክርክር አትወድም። ገለባውን ገልጣ በመጥረቢያ አንድ ቁራጭ ፈለጠችና በባልዲ ይዛ መጣች። ይበልጥ እንዲበርድ ለዓሣ ከያዘችው ጨው አንድ እፍኝ በተነችበትና ባልዲውን ሽማግሌው እግር ሥር አስቀመጠችው። "ይኸው ኖንግ ኡርባኖ። በረዶ።"

ቲዮ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ባለ አራት ማዕዘን፣ ጫፉ የቀጠነ ብረት አነሡ። እበረዶው ውስጥ እስከ አንገቱ ወሸቁት፤ እጃቸውንም አብረው ወሸቁት። ጣቶቻቸው እስኪነጡ አላወጡትም። ኔልፋ ጨርቁን በሙቅ ውኃ ደግማ እየነከረች ታያቸዋለች፤ ምን እየጠበቁ እንደሆነ አልገባትም። ከዚያ ብረቱን አውጥተው ሰጧት።

"ቶሎ" አሉ። "ዶሮ።"

ይቺን ታውቃታለች። የብረቱን ጫፍ ግሪስ ቀባች፣ ስብርባሪውን እንዲይዝላት። እተሰበረው ውስጥ ሰካችውና በመዶሻ ሁለት ጊዜ ቀስ አድርጋ መታችው። በቁልፍ ይዛ ወደ ግራ ገፋች። ንቅንቅ አላለም። ደግማ ገፋች። አንድ ሲጥታ ሰማች፤ ብረቱ ይሁን የሞተሩ ጥርስ መለየት አቃታት። ጥቂት ወደ ቀኝ መለሰችው፣ እንደገና ወደ ግራ። ከዚያ በኋላ ቁራጩ እንደ ማንኛውም ብሎን እየተሽከረከረ ወጣ።

የገባት ያኔ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ይሰፋል፤ የቀዘቀዘው ብረት ቁራጩን ያኮማትረዋል።

ቀዳዳውን ክፍት ትታ በማስነሻው በሞተሪኖው ሞተሩን ጥቂት አሽከረከረችው፣ የቀረ ስብርባሪ ካለ እንዲተፋ። አዲሱን ካንዴላ በጣቷ ጀምራ በቁልፍ ጨረሰችው። መኪናዋ በሦስቱም ሲሊንደር ተነሣች።

"ግማሹ ውኃ ሆኗል" አለች ናንግ ሲዮኒ መሪው ጋ እየወጣች። "ግማሹ ይበቃቸዋል። አንቺ ግን ሰው ሲናገር ስሚ።" ወደ ዳርቻው ነዳቻት።

ኔልፋ እጇን ሳትታጠብ አጎቷ አጠገብ ቁጭ አለች። 

"ቲዮ፣ በረዶ ያሉት በረዶ ነበር?"

"በረዶ" አሉ፣ እንደ ሞኝ እያዩዋት።

"ባለፈው ሳምንትስ?"

አሰቡ፤ ብርድ ልብስ እንደሚስቡ ግራ እጃቸውን ወደ አገጫቸው አመጡ። "ድልድይ" አሉ።

አራት ወር ሙሉ የሚሉትን ሁሉ የተምታታ ነው ብላ ነበር የምታዳምጠው። ስንቱ እንዲያው ቀጥታ የተነገረ ነበር? ማታ ማታ ሊተኙ ሲሉ "ደወሉ እህል ቤት ነው" ይሏታል፤ እሷም "እሺ ቲዮ" ብላ መብራቱን ታጠፋለች። ደወል ምንድን ነው? እህል ቤት እህል ቤት ይሆን?

ወንበሯን ወደሳቸው አዞረች።

"ደወሉን ንገሩኝ ቲዮ" አለች። "ቀስ ብለው። ዛሬ አልቸኩልም።"

ሽማግሌው መናገር ጀመሩ። ኔልፋ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ቃላት አንዱንም አልያዘችም። ግን አላቋረጠቻቸውም።