ወደ ጣሪያ የዞረ ፍላሽ

ፍላሽ ልገዛ ነው፣ የትኛው ይሻለኛል ብሎ የሚጠይቀኝ ጀማሪ ሲመጣ ደሜ ይፈላል። ልጆቹ ምን አጠፉ? ምንም። ካሜራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ እንደምንም ያጠራቀሟትን ብር ይዘው ሶዶ መሐል እኔ ፎቶ ቤት ድረስ ይመጣሉ። እትዬ ቦሼ፣ አንቺ ታውቂያለሽ ይሉኛል። እኔም ከሁሉ አስቀድሜ የት ልታነሱበት ነው፣ ቤቱ ምን ዓይነት ነው ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ፊቱ ይለዋወጣል። የእኛ ቤት ምን አገባት ይላል በሆዱ። አውቃለሁ፤ እኔም እንደዚያው ብያለሁ።

ነገሩ የሆነው በዘጠና ሦስት ዓመተ ምህረት ነው። ያኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ጋሼ ገብረመስቀል ፎቶ ቤት ከተቀጠርኩ ሦስት ዓመት ሞልቶኛል። ተቀጠርኩ ስላችሁ ፎቶ አነሳ ነበር ማለቴ አይደለም። ጉርድ ፎቶ በመቀስ እቆርጣለሁ፣ ፖስታ ውስጥ እከታለሁ፣ ለደንበኛ መስታወትና ማበጠሪያ አቀብላለሁ። ካሜራውን ከጋሼ በቀር የሚነካው የለም። እሳቸው አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ የቀሩ፣ ወላይትኛውን ከእኛ እኩል የሚናገሩ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ዝምታቸውን ንቀት ነው ብዬ ነበር የያዝኩት። ምን ላድርግ፣ ልጅ ነበርኩ፤ ሁሉም ሰው የናቀኝ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት አንድ የውጭ ድርጅት ቢሮውን ሲዘጋ ዕቃውን በጨረታ ሸጠና አንድ አሮጌ የፊልም ካሜራ እጄ ገባ። ካሜራው ደህና ነው፤ ፍላሽ ግን የለውም። ያለ ፍላሽ ደግሞ ቤት ውስጥ ምን ይነሳል?

ለምን እንደቸኮልኩ ልንገራችሁ። እናቴ ስትሞት አንድ ፎቶ አልነበራትም። በእኛ ሰፈር ለቅሶ ላይ የሟቹ ፎቶ ከፍ ተደርጎ ይያዛል፤ ዘመድ የሚያለቅሰው እሱን እያየ ነው። ፎቶ የሌለው ሰው ልብሱ እንጨት ላይ ይሰቀልና ለልብሱ ይለቀሳል። ዱቡሻው ላይ፣ አገሩ ሁሉ ለለቅሶም ለሸንጎም በሚወጣበት ሜዳ ላይ ማለት ነው፣ የእናቴን ነጠላ ነፋስ ሲያንገላታው ቆሜ አይቻለሁ። ዛሬ መልኳን ንገሪን ብትሉኝ ዓይኗን እነግራችኋለሁ፤ አፍንጫዋ ጠፍቶብኛል። ሰው የእናቱ አፍንጫ ይጠፋበታል?

አባቴ ዳናም ፎቶ የለውም። የቀበሌ መታወቂያው ላይ ፎቶ የሚለጠፍበት ቦታ ባዶውን ማህተም ተመትቶበት ነው የተሰጠው። በዚያ ዓመት ሳል ያዘውና ሰውነቱ አለቀ። ጤና ጣቢያ ወሰድነው፣ ሆስፒታልም ወሰድነው፤ ቤቱ ይሁን ብለው መለሱልን። ያን ጊዜ ነው የማልኩት። ለአባቴማ ኮቱ ተሰቅሎ አይለቀስለትም አልኩ።

ሶዶ ላይ የካሜራ ዕቃ የሚገኘው ሽኩር ሱቅ ነበር። አባቱ ከስልጤ መጥተው የከፈቱትን ሱቅ ወርሶ ሬዲዮ፣ ባትሪ ድንጋይ፣ የግድግዳ ሰዓት ይሸጣል። ሁለት ፍላሽ አወጣልኝ። አንደኛው ድብልብል ያለ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ብቻ የሚያበራ ነው። ሌላኛው አንገቱ ይታጠፋል፤ ወደ ላይ ታዞሪዋለሽ፣ ብርሃኑ ጣሪያ መትቶ ለስለስ ብሎ ይወርዳል አለኝ። ጉልበቱ ከቀጥታው ደከም እንደሚል አልደበቀኝም። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው፤ እኔ ግን አቅሜ አንዱን ነው። ሽኩርን እንግዲህ በምን ልክሰሰው? ያየውን ነው የነገረኝ።

ባለአንገቱን ወደ ኮርኒሱ አዙሮ አበራው። ኮርኒሱ ነጭ የተቀባ ችፑድ ነበር። ብርሃኑ ሱቁን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰው፣ መደርደሪያው ሥር ያሉት ሰዓቶች ሳይቀሩ ታዩ። ቀጥሎ ከአዲስ አበባ የመጣ የዘመዱን የሰርግ ፎቶ አሳየኝ፤ በእንዲህ ዓይነቱ ፍላሽ የተነሳ ነው አለኝ። ሙሽራዋ በቀለም የተሳለች እንጂ የተነሳች አትመስልም። የጋሼ ገብረመስቀል ፍላሽ ቀጥታ ነው፤ የሰውን ፊት የታጠበ ሳህን ያስመስለዋል፣ ከኋላው ደግሞ ጥቁር ጥላ ይለጥፍበታል። አባቴን እንደዚያ አድርጌ ላንሳው? በፍጹም።

ሽኩር ግን ነጋዴ ሆኖ ሳለ አልቸኮለም። ሂጂና ጋሼ ገብረመስቀልን አማክሪያቸው፣ ከእኔ እሳቸው ያውቃሉ አለኝ። ሄድኩ። ምነው እግሬን በሰበረው።

ጋሼ ጠረጴዛቸው ላይ አጎንብሰው ነጋቲቭ ይለያሉ። ካሜራ እንደገዛሁ፣ አባቴን ላነሳው እንደሆነ፣ ሁለት ፍላሽ እንዳየሁ ነገርኳቸው። ቀና ሳይሉ ቀጥታውን ውሰጂ አሉኝ። አለቀ፣ ሌላ ቃል የለም። እኔ ደግሞ ወዲያው ገባኝ፤ ገባኝ መሰለኝ። ሦስት ዓመት መቀስ ያስያዘኝ ሰው፣ ነገ በራሴ ካሜራ ደንበኛ እንዳልወስድበት፣ መጥፎውን እያስገዛኝ ነው አልኩ። ባለአንገቱ ይሻላል ይባላል እኮ፣ ብርሃኑ ለስላሳ ነው አልኳቸው። ያን ጊዜ ነጋቲቩን አስቀምጠው አዩኝ።

«የአባትሽ ቤት ጣሪያው ምንድን ነው?» አሉኝ።

ጥያቄው ይኸው ነው። ዛሬ እኔ ለመጣ ለሄደው የምጠይቀው። ያኔ ግን ጆሮዬ ድረስ ነደድኩ። ከትውልድ ቀዬዬ ከጉኑኖ ሶዶ መጥቼ ስማር የከተማ ልጆች የሣር ቤት ልጅ እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ያንን ስም ለመጣል ያልሆንኩት የለም፤ ጫማዬን በቀን ሁለቴ እጠርጋለሁ፣ አማርኛዬን እንደ እንቁላል ተጠንቅቄ ነው የምይዘው። እና አሁን አሠሪዬ፣ ያውም ደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ እየሰማ፣ ጣሪያችሁ ምንድን ነው ይለኛል! ዓይኔን በጨው ታጥቤ መለስኩላቸው።

«ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስም አለው፣ ነጭ።»

ነጩን ከየት አመጣሁት? ከሽኩር ሱቅ ነዋ። ጋሼ ጥቂት አዩኝና፣ እንደዚያ ከሆነ ባለአንገቱ ይሻልሻል ብለው ወደ ነጋቲቫቸው ተመለሱ። እኔ ያሸነፍኩ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። በዚያው ቀን ባለአንገቱን ገዛሁ።

እሁድ ጉኑኖ ሄድኩ። ታላቅ ወንድሜ ደገፉ አባቴን አጥቦ፣ ፂሙን ላጭቶ፣ ኮቱን አልብሶ ጠበቀኝ። ካኪ ኮት ነው፤ ለትልቅ ቀን እንጂ አይለብሰውም። ጎረቤቱም ፎቶ ሊነሳ ነው ሲባል ተሰብስቧል። ደገፉ የዋህ ነው፤ በወንበር ተሸክመን ደጅ እናውጣውና ፀሐይ ላይ አንሺው አለኝ። ነፋስ ይመታዋል፣ ሳሉ ይብስበታል አልኩት። እውነቱን ልናገር? ነፋስም አልነበረም። ደጅ ከተነሳማ ፍላሹን ለምን ገዛሁት? ያ ሁሉ ጎረቤት የቦሼን ፍላሽ ሳያይ ሊሄድ ነው? ለዚህ ነው። ለዚህ ብቻ ነው።

ቤታችን ወላይታ የሚሠራው ትልቁ ዓይነት የሣር ቤት ነው። ጣሪያው ከፍ ብሎ ይሾላል፤ የስንት ዓመት የእሳት ጭስ ጠጥቶ ጥቀርሻው ያብለጨልጫል። ከታች በአንድ ወገን ከብቶቹ፣ መሐል ላይ ምሰሶው፣ ምሰሶው ሥር የአባቴ ዱካ፣ የእንጨት በርጩማው፣ አለ። እዚያ አስቀመጥኩት። የፍላሹን አንገት ሽቅብ አጠፍኩ። ብርሃን ወደ ላይ ከወጣ መውረዱ መቼ ይቀራል ብዬ ነው፤ ጥቁር ነገር ብርሃን እንደሚውጥ የነገረኝ የለም። መጠየቅ ነበረብኝ፤ የምጠይቃቸውን ሰው ደግሞ ዋሽቻቸዋለሁ።

ፊልሙ የሚይዘውን ሠላሳ ስድስቱንም አነሳሁት። ብልጭ ባለ ቁጥር ጎረቤቱ ጉድ ይላል፣ ከብቶቹ ይደነብራሉ፣ ልጆች ይስቃሉ። ብቻውን አነሳሁት፣ ከደገፉ ጋር አነሳሁት፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አስደርጌ አነሳሁት። አባቴ አንድም ጊዜ አላሳለም፤ ትንፋሹን ውጦ ነው የተቀመጠልኝ። ስጨርስ እጄን ያዘና በወላይትኛ ቀስ ብሎ ነገረኝ።

«እንግዲህ ኮቴን ማንም እንጨት ላይ አይሰቅለውም» አለ።

ፊልሙን አዋሳ ራሴ ይዤ ሄጄ አሳጠብኩ። እዚያ ያለው ልጅ ተጠቅልሎ የነበረውን ነጋቲቭ ዘርግቶ ወደ መብራቱ አነሳው። ከዳር እስከ ዳር እንደ መስታወት ጠርቷል፤ ብርሃን አልነካውም። የካሜራውን ክዳን ሳታነሺ ነው እንዴ ያነሳሽው አለኝ። እየቀለደ አልነበረም፤ አዝኖልኝ ነው። የሚታይ ነገር ካለበት አንዷን እጠብልኝ ብዬ ለመንኩት። ጥቁር ወረቀት አወጣልኝ፤ መሐሉ ላይ የኮቱ አንድ ቁልፍና የሁለት ጣት ጫፍ በጭላንጭል ይታያል። ከአባቴ መልክ የቀረኝ ይኸው ነው፤ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

በማግስቱ ጠዋት ሽኩር ሱቅ ገባሁ። ቀጥታውን ቀይርልኝ አልኩት። ፊቴን አይቶ ለምን ሳይለኝ ቀየረልኝ፤ ባትሪ ድንጋዩንም ራሱ አስገባልኝ። ትክክለኛውን ፍላሽ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ መናኸሪያ የጉኑኖ መኪና ስጠብቅ፣ ከዚያው ከጉኑኖ የመጣው ሚኒባስ ደረሰ። የጎረቤታችን ልጅ ከመኪናው ወርዶ ሲያየኝ ራሱን ያዘ። የሚነግረኝን ከመናገሩ በፊት አወቅሁት። አባቴ ሌሊቱን ሞቷል።

ስደርስ ዱቡሻው ሞልቷል። ሰዉ መንገድ ለቀቀልኝ፤ በአክብሮት ነው የለቀቀልኝ። ሁሉም ያንን ብልጭታ አይቷል ወይም ሰምቷል፤ የዳና ልጅ አባቷን ሠላሳ ስድስት ጊዜ እንዳነሳችው አገር አውርቶታል። ስለዚህ ፎቶውን ነው የሚጠብቁት። ከፍ አድርጎ የሚይዘው ሰው እንኳ ተመርጦ፣ ቦታው ባዶ ተትቶለት ነበር። ደገፉ እያለቀሰ መጥቶ አቀፈኝና እጁን ዘረጋ።

«ፎቶውን አምጪው፣ እህቴ።»

አልወጣም አልኩት። አልገባውም፤ ደግሞ ጠየቀኝ። አልወጣም ደገፉ፣ አንዱም አልወጣም አልኩት። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ቤት ገባ፣ ካኪ ኮቱን ይዞ ወጣ፣ ከአጥሩ አንድ እንጨት ነቀለና ኮቱን ሰቀለበት። ሴቶቹ ኮቱን ሲያዩ ጩኸቱ ቀለጠ። እኔ ግን እንባ እምቢ አለኝ። ለኮት ምን ብዬ ላልቅስ?

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ገብረመስቀል መጡ። ከሶዶ ድረስ፣ ፎቶ ቤታቸውን ዘግተው። ሰዉ ትልቅ ሰው ናቸው ብሎ ቤት አስገባቸውና ሌላ መቀመጫ ቢጠፋ የአባቴን ዱካ ሰጣቸው። ምሰሶው ሥር ተቀመጡ። እኔ ውኃ ይዤ ፊታቸው ቆሜያለሁ። እግዜር ያጽናሽ አሉኝ። ከዚያ ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ቆዩና ቀና አሉ። ሣሩን አዩት፣ ጥቀርሻውን አዩት፣ ከላይ እስከ ታች አዩት። ነጭ ኮርኒስ አለው ያልኳቸው ውሸት ሁሉ እዚያው ላይ ይታይ ነበር።

ይናገሩኛል ብዬ ጠበቅሁ። ምነው ልጄ፣ ጠይቄሽ አልነበረም ወይ ቢሉኝ፣ ቢሰድቡኝ፣ ዛሬ ትንሽ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከጣሪያው አውርደው ወደ እኔ ሳያዩ ውኃውን ተቀበሉኝ። ውጭ ሴቶቹ ከኮቱ ጋር እየዞሩ የአባቴን ስም ይጠራሉ።