ወገቤን ነው

በሳቢሃ ካርድ ላይ በአራት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ «ወገብ» ተብሎ ተጽፏል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው።

የጤና ጣቢያችን የካርድ ክፍል መስኮት የሰው ፊት የምታክል ናት። ውጭ ሰልፉ አለ። ከከተማችን መርካቶ የቡና መጋዘኖች የመጡ፣ ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጠው ጥቁሩን ቡና ከደህናው የሚለዩ ሴቶች፤ ከኋላቸው ባጃጅ ነጂ፣ ደላላ፣ ጎረምሳ። እኔ ከውስጥ «ምንሽን ነው?» እላለሁ፣ ጮክ ብዬ። ካልጮህኩ አይሰማም። «ወገቤን» ይላሉ። እጽፋለሁ። ማስታገሻ ይታዘዝላቸዋል። በመሃል ፋታ ሳገኝ ደመና አያለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩትም ደመና እያየሁ ነው።

የአንዱ ቡና ነጋዴ ሚስት ወይዘሮ ውቢት ግን ይቺን መስኮት አያውቋትም። በጓሮ በር ይገባሉ፣ ወንበር ይሳብላቸዋል፣ በሩ ይዘጋል። እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ምንዎትን ነው?» እላቸዋለሁ። ከቡና ለቃሚዎቹ አንዷ የሆነችው ሳቢሃ በዕድሜ ትበልጣቸዋለች።

ባለፈው ሳምንት ማህፀን የወረደባቸውን ሴቶች በነፃ የሚያክሙ ሐኪሞች ከአዲስ አበባ መጡ። ምዝገባው ረቡዕ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ረቡዕ ጠዋት ዝርዝሩ ላይ የነበረው አንድ ስም ብቻ ነው፤ ወይዘሮ ውቢት።

ኃላፊያችን ጋሽ ዳምጤ ወረቀቱን አዩና «ተመስገን፣ የእኛ ሴቶች ጤነኞች ናቸው» ብለው ሻይ ሊጠጡ ወጡ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሳቢሃ መስኮቷ ጋ ደረሰች።

«ምንሽን ነው?»

ዞራ ከኋላዋ የተሰለፉትን ወንዶች አየች።

«ኧረ ፍጠኚ እናት፣ እዚህ ልናድር ነው እንዴ?» አለ ከኋላዋ አንድ ባጃጅ ነጂ።

«ወገቤን» አለች።

ብዕሬ ካርዱን ነክቶ ነበር። አብራት የምትለቅመው ፈሂማ ግን ገፍታ መጣችና ፊቷን በመስኮቷ አስገባች።

«ስማ አንተ! ወገብ፣ ወገብ ብለህ ትጽፋለህ፤ ወገብ በእግር መሃል ይወጣል?»

«ፈሂማ፣ ስለ አላህ ብለሽ ዝም በይ።»

«ዝም ብለሽ ሰባት ዓመትሽ! ጨርቅ ወትፋ ነው መጋዘን የምትውለው። ባሏ ሸተትሽኝ ብሎ ጥሏት ሄደ። ለሽንት ሁለቴ ከተነሳች ደግሞ ነገ አትምጪ ይሏታል። ይሄ ነው ወገብ?»

ባጃጅ ነጂው ሳቀ። ሳቢሃ ሻርፗን ወደ ፊቷ ስባ ልትሄድ ዞረች።

ከጀርባዬ ያለውን የካርድ መደርደሪያ አየሁ። ወገብ፣ ወገብ፣ ወገብ። ስንቷን ነው በዚህች ቃል የሸኘኋት? በር ለመዝጋት እኮ የሚያስፈልገው እጅ ብቻ ነበር። ማን አሰበው? እኔስ የት ነበርኩ?

በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

«እትዬ ሳቢሃ፣ እርስዎ ይግቡ። እኔ ውጭ እቆያለሁ። በሩን ዘግተው ውስጥ ላለችው ነርስ ይንገሯት።»

እትዬ ሳቢሃ ቆም አሉ። «እርስዎ?» አሉኝ፣ የምቀልድባቸው መስሏቸው። ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ግን ወደ ውስጥ አልገቡም፤ ወደሳቀው ሰውዬ ዞሩ።

«ገዳሜሳ ኮ!» አሉ በኦሮምኛ። «ማህፀኔ ነው፣ ሰማህ? አንተም ከዚያው ነው የወጣኸው። በል አሁን ሳቅ!»

 ባጃጅ ነጂው ኪሱ ውስጥ ቁልፉን ይፈልግ ጀመር።

«ጻፍ» አሉኝ።

ወደ መስኮቷ ተመልሼ «ማህፀን» ብዬ ጻፍኩ። ከኋላቸው ያለችው «እኔንም» አለች። ከዚያ ሌላዋ። የተወሰኑት እየገቡ በሩን ዘግተው ለነርሷ ነገሩ፤ የተወሰኑት እዚያው መስኮቷ ላይ። ወንዶቹ አንድ በአንድ ሹልክ አሉ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ዝርዝሩ ሃያ አራት ደርሶ ነበር።

ጋሽ ዳምጤ ተመልሰው ወረቀቱን ሲያዩ ደነገጡ። «ይሄን ሁሉ ሴት ከየት አመጣኸው?»

«እዚሁ ነበሩ ጋሼ። ወገብ ብዬ ጽፌያቸው።»

ሐኪሞቹ የነበራቸው ቦታ ለስድስት ሰው ብቻ ነው። እትዬ ሳቢሃ ሐሙስ ገቡ፣ ከወይዘሮ ውቢት ቀጥለው። አሥራ ስምንቱ «ለከርሞ» ተባሉ።

«ባዶ እጃቸውን እንዳይሄዱ ማስታገሻ ይሰጣቸው» አሉ ጋሽ ዳምጤ። ካርዶቹን ጠረጴዛዬ ላይ ከመሩልኝ። «ማህፀን ካልክ ሪፖርት ውስጥ ይገባል፣ ለምን አልታከሙም ብለው ይጠይቁናል። ወገብ በልና ጻፍ።»

ብዕሩን አቀበልኳቸው።

ራሳቸው ጻፉት። አሥራ ስምንት ጊዜ።