የተደፈኑት ነጥቦች

ትርሲት ከሁለቱ የፍሬን ታምቡሮች አንዱን ብረት መላጫው ቶርኖ ላይ ከማሰሯ በፊት ጠርዙን በቢላዋ ፋቀችው። ጥቁሩ ቀለም ገና አልደረቀም፤ ጥፍሯ ሥር ገባ። ታምቡር ጎማ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ብረት ነው፤ ማን አይቶ ሊያደንቀው ነው የሚቀባው?

ቢቸና ባለው በዚህ ጋራዥ አንድ ደንብ አለ። ያረጀ ታምቡር ውስጡ በቶርኖ ተልጦ በተስተካከለ ቁጥር ጠርዙ ላይ በሹል ብረት አንድ ነጥብ ይመታበታል። ሦስት ነጥብ የሞላው ግድግዳው ስለሳሳ ዳግም አይነካም፤ ይጣላል። ትርሲት ከቴክኒክና ሙያ ተመርቃ ስትመጣ የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ስጦታው መጀመሪያ ያስተማሯት ይህንኑ ነበር።

ከቀለሙ ሥር ሦስት የብየዳ ጠብታዎች ብቅ አሉ። ሁለተኛውንም ታምቡር ፋቀችው። ያው ሦስት ጠብታ።

"አቶ ታደለ፣ እነዚህን ነጥቦች ማን ደፈናቸው?"

ታደለ ከሞጣ ተነስቶ በደጀን አድርጎ ዓባይን የሚሻገር ቅጥቅጥ አውቶቡስ አለው። በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል።

"የምን ነጥብ?"

"እኔ ራሴ የመታሁትን ነዋ! ለፋሲካ ሰሞን ሦስተኛውን መትቼ 'ከእንግዲህ ይጣል' አላልኩዎትም?"

"አይ አንች! መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ዕቃ አይገባ፣ ጥዬ ምን ልግጠም? ትንሽ ላጥ አርጊው፤ ከፍሬኑ ሸራ ሥር ቆርቆሮ እንጨምርበታለን። ይይዛል።"

ቆርቆሮ አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። የትርሲት ምራቅ መረረ። ሠላሳ ሰው፣ ጣሪያው ላይ የጤፍ ጆንያ ተጭኖበት፣ ያን የዓባይን ቁልቁለት በቆርቆሮ ሊወርድ ነው። ሰውየው ግን ጥርሱን እየጎረጎረ ነው።

የታምቡሩን ውፍረት በካሊፐር ለካች። ከሚፈቀደው ሁለት ሚሊሜትር ሳስቷል። ከዚያ ብየዳውን ልብ ብላ አየችው። የጠብታዎቹ ጭራ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተጎትቷል፤ በግራ እጅ የተበየደ ነው። በዚህ ጋራዥ ግራኙ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ጋሽ ስጦታው ከጓሮ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት የደፈኑት?"

ትንሽ እንኳ አላፈሩም። ይበልጥ ያስጠላትም ይኸው ነው።

"ደንበኛ ነው፣ ልጄ። እኛ ብንመልሰው ደብረ ማርቆስ ወስዶ ያሠራዋል። ዝም ብለሽ ሥሪ።"

"ቁልቁለት ላይ ቢሰነጠቅስ?"

"ሹፌሩ በማርሽ ይይዘዋል። ምን አስጨነቀሽ? አንች አትሳፈሪበት!"

ታደለ ሳቀ። ጋሽ ስጦታውም አብረው ሳቁ።

ትርሲት እኒህን ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ እንደ አባት አክብራለች፤ ብረት አያያዝ ያሳያት ያ ግራ እጅ አሁን ዘይት የነካው ጨርቅ ይዞ ሲያወዛውዝ ማየት ቀፈፋት። ከተማው ውስጥ እሷ የምታውቀው ሌላ ቶርኖ የለም። ከዚህ ከወጣች እንጀራዋም ሙያዋም እዚሁ ይቀራል። ይህን ጋሽ ስጦታውም ያውቃሉ፤ እንደዚያ የሚስቁትም ለዚሁ ነው።

ታምቡሩን ተሸክማ ወደ ሰንዳኑ ወሰደችው። ለመላጥ ልታዘጋጀው መስሏቸው ሁለቱም አልከለከሏትም። ትልቁን መዶሻ አነሳችና አንድ ጊዜ ብቻ መታችው። እንዲህ በቀላሉ ይሰበራል ብላ አላሰበችም ነበር። ስባሪውን አንስታ ለታደለ ሰጠችው።

"ይኸው፣ ውፍረቱን በእጅዎ ይዩት።"

"ኧረ ጉድ! ንብረቴን እኮ ነው የሰበረችው! ጋሽ ስጦታው፣ ዝም ይላሉ?"

ጋሽ ስጦታው ፊታቸው ጠቁሮ ጨርቁን መሬት ላይ ወረወሩት።

"ውጭ! ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ጋራዥ ደጃፍ እንዳላይሽ!"

"እሺ ጋሼ፣ እወጣለሁ" አለች ትርሲት።

መዶሻውን ግን አላስቀመጠችም። ሁለተኛውን ታምቡር በጫማዋ ወደ ሰንዳኑ አስጠጋችው።